ከሸቤ በታች ያለው ጥቁር ውኃ

ከሸቤ በታች፣ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ
ጥቅምት 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሆሴዕ ኤርሲዶ
ጅማ

እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታዬ አጭር ሆነ ብለህ አትዘንብኝ። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ዓለምብርሃን እንድጽፍልህ የፈቀዱት «ስለ ሥራ ብቻ» ብለው ነው። ይህን ወረቀት መጀመሪያ እሳቸው ያነቡታል፣ ቀጥሎ እዚያ ያሉት ያነቡታል፣ አንተ ሦስተኛ ነህ። ስለዚህ ያልጻፍኩትን ሁሉ ጽፌዋለሁ ብለህ አንብበው።

ብርድ ልብሱን ያደረሰልህ ሾፌራችን አሊ ጥያቄህን ነግሮኛል። «ጉድጓዱ ምን ሆነ?» አልክ አሉ። ሰው ታስሮ ሳለ ሚስቱን መጀመሪያ የሚጠይቃት ስለ ጉድጓድ ነው እንዴ ብዬ ሳቅሁ። ቆይቼ ግን ሌላ መጠየቅ እንዳልቻልህ ገባኝ።

ጉድጓዱ እንደተውከው ነው። ነሐሴ ላይ ሲወስዱህ ግንቡ ከወገብ በላይ ደርሶ ነበር፤ ሲሚንቶው እጅህ ላይ ሳይደርቅ ነው የሄድከው። ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። ዝናብ ሞልቶት እንቁራሪት ይጮህበታል።

እሸት ቡናው መግባት ጀምሯል። መፈልፈያው ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ የማጠቢያው ውኃም እንደ አምናው ጠቁሮ፣ አረፋ ደፍቆ፣ በቀጥታ ወደ ጅረቱ ይወርዳል። አምና ግን ከታች ሰው አልነበረም። ዘንድሮ በመንደር ምሥረታው ከላይ ምንጭ አጠገብ የነበሩትን ገበሬዎች አውርደው ከእኛ በታች ጅረቱ ዳር አስፍረዋቸዋል። ሌላ ውኃ የላቸውም።

ባለፈው ሳምንት ከዚያ መንደር አይሻ የምትባል ሴት ባልዲ ተሸክማ ቢሮ ድረስ መጣች። ባልዲውን ጓድ ዓለምብርሃን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና «ቢሻን ኬኛ አጄፍተን!» አለቻቸው።

«ምን አለች?» አሉኝ።

«ውኃችንን ገደላችሁት ነው የምትለው» አልኳቸው።

«ንገሪያት፤ ቡናው የውጭ ምንዛሪ ነው። አገር የሚኖረው በእሱ ነው።»

ነገርኳት። «እኛስ በምን ልንኖር ነው? ቅመሰው በይው» አለች። አልቀመሱም።

እሷ በሄደች ማግስት ከአዲስ አበባ የጎብኚ ቡድን እንደሚመጣ ተነገረን፤ ስለ ፍሳሹም ይጠይቃል ተባለ። ያን ጊዜ ጓድ ዓለምብርሃን አንተን አስታወሱህ። «ያ ባልሽ ጉድጓዱን ለምን ነበር የሚቆፍረው?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። የማውቀው ግን የችግኝ ጣቢያዬን ብቻ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። ግንቡን ምን እናድርገው? ውስጡስ ምን ይገባል? እንደማላውቅ አድርገህ ጻፍልኝ፤ እውነትም አላውቅም።

ወርቂቱ ቱሉ


ጅማ
ጥቅምት 30 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለወርቂቱ

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከዚህ የረዘመ ሰላምታ እንዳለኝ ታውቂያለሽ።

መጀመሪያ ሳትጽፊ ለጠየቅሽኝ ልመልስ። እንቅልፌ ደህና ነው። ብዙ ሆነን ስለምንተኛ አይበርድም፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። የላክሽልኝን ሹራብ ለሌላ የሰጠሁት ስለሞቀኝ ነው። ምግብ እኚያ የጅማዋ ወዳጃችን እትዬ እታገኝ ያመጡልኛል። ቦሳ ኪቶ ካለው ቤታቸው እዚህ ድረስ በእግራቸው ነው የሚመጡት፤ እንዳይደክሙ ብለምናቸውም አይሰሙኝም።

አሁን ወደ ሥራው። የላም ሆድ አስቢ። ላም ሣር ትበላለች እንጂ ሣሩን የሚፈጩላት ሆዷ ውስጥ ያሉ፣ ዓይን የማያያቸው ሕያዋን ናቸው። እኛም ከመሬት በታች አንድ ትልቅ ሆድ መሥራታችን ነው። የቡናው ውኃ የሚሸተው ጣፋጭ ስለሆነ ነው፤ ከፍሬው የተላጠው ዝልግልግ ነገር ስኳር አለው። ጅረት ውስጥ ሲገባ እዚያ ሲበሰብስ የውኃውን አየር ይጨርሰዋል፤ ዓሣው የሚሞተው ታፍኖ ነው። እኛ ግን አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ለእነዚያ ሕያዋን እናበላዋለን። እነሱ በልተው የሚተነፍሱት ጋዝ ይነድዳል። የሚተርፈው ዝቃጭ ለችግኝሽ ማዳበሪያ ነው። ውኃው ደግሞ ከዚያ ወጥቶ ክፍት ኩሬ ውስጥ ይቆያል፤ ኩሬው ዳር ፊላ ትተክይበታለሽ፤ ሥሩና ፀሐዩ የቀረውን ያጠሩታል። ከብክነት የምናተርፈው ብዙ ነው።

እንቁራሪቶቹን አስወጪ። ግንበኛው ግንቡን ጨርሶ ጉልላቱን ይዝጋ፤ ውስጡን ደጋግሞ ይለስን። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ያመልጣል፤ የሳሙና አረፋ ቀብታችሁ ፈትሹት፣ አረፋው ከተነፋ እዚያ ቦታ ይተነፍሳል ማለት ነው። ከዚያ በውኃ የተበጠበጠ እበት ሙሉበት። ሸቤ ገበያ ከሚያርዱት ሰዎች ዘንድ የበሬ ፈርስ ለምኚ፤ እርሾው እሱ ነው። ቆይቶ መተንፈስ ሲጀምር የቡናውን ውኃ በጥቂቱ ጀምሪ። በጥቂቱ። የተራበ ሰው እንደማብላት ነው፤ አብዝተሽ ከሰጠሽው ይታመማል።

ጉድጓዱን ስጀምር ቀርቤ ሳላስተምርሽ ቀረሁ። ማታ ማታ ስለ እሱ ሳወራ እንቅልፍ ይወስድሽ ነበር። አሁን ስታነቢ ነቅተሽ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

ማን ይጠይቅሻል? ብቻሽን ነሽ?

ያንቺው ሆሴዕ


ከሸቤ በታች
ታኅሣሥ 12 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሆሴዕ

እንደምን ሰነበትህ? ለጠየቅኸኝ፣ ብቻዬን አይደለሁም። ሁሉም ይጠይቁኛል፤ በእኔ በኩል ሐሳብ አይግባህ።

ጉድጓዱ ግን ታሟል። ጉልላቱን ዘጋነው፣ አረፋውን ቀባነው፣ ሁለት ቦታ ተነፋ፣ ደፈንነው። እበቱን ሞላሁ። ፈርሱን ከሸቤ በአሊ መኪና ሳመጣ ሽታው ልብሱ ላይ ቀርቶ ሚስቱ ቤት አላስገባ እንዳለችው አጫወተኝ። መተንፈስ ጀመረ። ቀስ እያልኩ ማብላት ጀመርኩ። እስከዚያ ድረስ እንዳልከኝ ነበር።

ከዚያ ጓድ ዓለምብርሃን «ጎብኚዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ጅረቱ መጥራት አለበት፤ ውኃው በሙሉ ይግባበት» ብለው አዘዙ። ሆሴዕ በጥቂቱ ነው ያለው ብላቸው፣ «ሆሴዕ የት ነው ያለው?» አሉኝ። ቦዩን ከፈቱት። አሁን ጉድጓዱ እንደ ከረመ ሆምጣጤ ይሸታል፤ የኮምጣጣነት መለኪያው የሊትመስ ወረቀት ቀይ ይሆናል። ጋዝ ይወጣል፣ ክብሪት ሳስጠጋበት ግን እሳቱን ያጠፋዋል። ጎብኚዎቹም ሳይመጡ ቀሩ፤ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

የአይሻ ላም ጅረቱን አሽትታ ሳትጠጣ ተመለሰች። አይሻ እኔ ዘንድ ቆማ «ላሟ ከእናንተ ትሻላለች፣ ወላሂ» አለችኝ። አብሬያት ቆምኩ።

እትዬ እታገኝ ስለ እኔ የነገሩህን ነገር በአሊ በኩል ጠይቀኸኛል። አዎ፣ እውነት ነው። አንተ ስትሄድ እኔም አላውቅም ነበር። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ እዚያ ሆነህ ምን ትሠራበታለህ ብዬ ዝም አልኩ። መውለጃዬ ለግንቦት ነው። ደህና ነኝ፤ ጥሬ ቡና ሲሸተኝ ብቻ ያስመልሰኛል፤ የምኖረው ደግሞ ቡና መሀል ነው።

ይህን ጓድ ዓለምብርሃን ሲያነቡት ስለ ሥራ አይደለም ይሉ ይሆናል። ይበሉ።

ወርቂቱ


ጅማ
ታኅሣሥ 24 ቀን 1980 ዓ.ም.

ወርቂቱዬ

ደብዳቤሽን አንብቤ ግቢውን ዞርኩት፣ እንደገና ዞርኩት። አብሮኝ የታሰረ ሽማግሌ «ምን ሰማህ?» አለኝ። «ጉድጓዱ ጎመዘዘ» አልኩት። «በጉድጓድ እንዲህ የሚስቅ ሰው አላየሁም» አለኝ።

ማብላቱን አቁሚ፤ ማንም ቢያዝሽ አቁሚ። ጓድ ዓለምብርሃን ይህን ካነበቡት ለእርስዎም ነው፦ ውኃው ለጊዜው ሌላ ጉድጓድ ተቆፍሮለት መሬት ይምጠጠው፤ ጅረት ውስጥ አይግባ። ወርቂቱ ኖራና የምድጃ አመድ በውኃ በጥብጣ ትጨምርበት፣ ሊትመሱ መቅላት እስኪተው ድረስ። ከዚያ አዲስ ፈርስ። ከዚያ መጠበቅ ብቻ። የጎመዘዘ ሆድ በግድ አይድንም።

ለራስሽም ከበድ ያለ ነገር አታንሺ። ባልዲውን ሌላ ሰው ያንሳው። ቡናው በሚታጠብበት ሰዓት ወደ ችግኝ ጣቢያሽ ውጪ። ምን ልበልሽ? እጄን መላክ ብችል እልክልሽ ነበር።

ሆሴዕ


ከሸቤ በታች
መጋቢት 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ሆሴዕ

ይህን በእትዬ እታገኝ በኩል ነው የምልከው፤ ከምሳ ዕቃው ሥር ታገኘዋለህ። ስለዚህ ዛሬ አንደኛ አንባቢ አንተ ነህ። ደስ አይበልህ።

በደግ ነገር ልጀምር። ነደደ። እንዳልከኝ ኖራውንና አመዱን ሰጠሁት፣ ጠበቅሁ፣ ሽታው ተለወጠ፤ እንደ ጎምዛዛ ሳይሆን እንደ በረት ሸተተ። ቧንቧው ጫፍ ላይ ክብሪት ጫርኩ። ምንም የነደደ አልመሰለኝም ነበር፤ ፀሐይ ስለነበረ ነበልባሉ አይታይም። እጄን ሳስጠጋ ነው ያወቅሁት። ተቃጠልኩና ጮህኩ፤ ግንበኛው እየሮጠ መጣ፤ እኔ እጄን ይዤ እስቃለሁ። አንተን ፈለግሁህ። ዘወር ብዬ ልጠራህ ሁሉ ነበር።

አሁን ወደ ሌላው። ጓድ ዓለምብርሃን ስለ እሳቱ ሊያመሰግኑኝ ጠሩኝ። ሻይ አዘዙልኝ። ከዚያ «ባልሽ እኮ በገዛ እጁ ነው የሚቀመጠው» አሉኝ። ከኅዳር ጀምሮ በሠራተኛው ስብሰባ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ ቢያደርግ እንደሚለቀቅ ተነግሮታል፤ እምቢ ብሏል አሉኝ። «አንድ ሰዓት ቆሞ መናገር ነው። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ልጁን ይጠብቃል። አንቺ ጻፊለት፣ አንቺን ይሰማል።»

ሆሴዕ፣ ከኅዳር ጀምሮ! ስለ ፈርስና ስለ ኖራ ስትጽፍልኝ ይህን ይዘህ ነበር። እኔ ወገቤን ይዤ ከጉድጓድ ጉድጓድ ስዞር አንተ መምጣት ትችል ነበር።

እኔም አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። ሁሉም ይጠይቁኛል ያልኩህ ውሸት ነው። የሚጠይቀኝ የለም። እሑድ እሑድ ቤታችን መጥተው አብረውን ይጸልዩ የነበሩት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። አንደኛው የሚስቱን እጅ ጎትቶ ሲያዞራት አየሁት። አልፈርድባቸውም፤ ይፈራሉ። ግን ከሰኞ እስከ ሰኞ የሚያናግረኝ አይሻ ብቻ ናት፤ እሷም የምትመጣው ልትሰድበኝ ነው።

እንድጽፍልህ ታዝዣለሁ፤ ጻፍኩ። ምን እንድታደርግ እንደምፈልግ ግን አልጽፍም። አንተው ንገረኝ፤ ለምን?

ወርቂቱ


ጅማ
ሚያዝያ 2 ቀን 1980 ዓ.ም.

ወርቂቱዬ

ይህም በምሳ ዕቃው ነው የሚወጣው። እትዬ እታገኝን የሚፈትሹበት ቀን ከሆነ አይደርስሽም፤ ከደረሰሽ አንብበሽ አቃጥዪው።

ስለ ራሴ የፈለጋችሁትን እላለሁ ብያቸዋለሁ። ጥፋተኛ ነኝ በል ቢሉኝ እላለሁ፤ እግዚአብሔር የልቤን ያውቃል፣ እኔም ጀግና አይደለሁም። እነሱ የፈለጉት ግን ያን አይደለም። ሠራተኛው ፊት ቆሜ ቤታችን ይመጡ የነበሩትን አንድ በአንድ በስማቸው እንድጠራ ነው። ያ ሚስቱን ጎትቶ ያዞራት ሰው አራት ልጆች አሉት። ስሙን ብጠራ ከዚያ ስብሰባ ወደ ቤቱ አይመለስም።

ከኅዳር ጀምሮ ለምን ደበቅሁሽ? ና ብትይኝ እንደምመጣ ስለማውቅ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። አንቺን መቋቋም አልችልም፤ ስለዚህ እንዳትጠሪኝ አደረግሁ። ይህ በደል መሆኑን አውቃለሁ። ሸክሙን ላንቺ ሰጥቼ ምርጫውን ለራሴ ወሰድኩ።

ብቻሽን መሆንሽን ሳነብ ሰዎቹን ጠላኋቸው። ለሰዓታት ጠላኋቸው። ከዚያ ስማቸውን አሁንም እንደማልጠራ አወቅሁ፤ መጥላቴም አልረዳኝም።

አሁን ሁሉን ታውቂያለሽ። ና ካልሽ እመጣለሁ።

ሆሴዕ


ከሸቤ በታች
ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሆሴዕ

ይህም በምሳ ዕቃው ነው የሚመጣልህ። ዝም ስላልኩህ ይቅርታ። ደብዳቤህን አንብቤ አቃጠልኩት፤ ከዚያ የምመልሰው አጣሁ። ና አልልህም። ቅርም አልልህም ነበር፤ ግን ዝም ማለቴ ራሱ ቅር ማለት እንደሆነ ገባኝ። እንግዲህ እንደዚያው ይሁን።

ሴት ልጅ ናት። ግንቦት መጨረሻ ላይ መጣች። ምጡ ሲይዘኝ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና አልነበረም፤ አሊ ጅማ ነበር። ከማጠቢያው ከፍ ብሎ ወዳለው ጤና ጣቢያ የወሰደችኝ አይሻ ናት። ክንዴን ይዛ መንገዱን ሁሉ ስትሰድበኝ፣ ስታጽናናኝ፣ ደግሞ ስትሰድበኝ ደረስን። «ያ ረቢ፣ ይህችን ሴት ለእኔ ምን አመጣብኝ!» ትላለች። ልጅቷ ስትወጣ ግን ቀድማ ያለቀሰችው እሷ ናት።

አንድ ነገር ልንገርህ። ከልጅቷ በፊት ጋዙ ጤና ጣቢያው ድረስ መድረስ ነበረበት፤ ቧንቧው ግን መሀል ላይ ተቆርጦ የሚበይድልኝ አጥቼ ነበር። አንድ ቀን ሄጄ ሳየው ተበይዷል። ማን እንደሠራው ያየ የለም። እኔ የብየዳውን አጣጣል ዓይቼ አውቄዋለሁ፤ ስሙን አልጽፍልህም። በማግስቱ መንገድ ላይ ተገናኘን። ተሻገረ። ግን ከመሻገሩ በፊት ቆቡን ነካ አደረገ።

ስለዚህ የማዋለጃው መሣሪያ የተቀቀለው፣ ልጅህ የታጠበችበት ውኃም የሞቀው በጉድጓድህ እሳት ነው። ስም አልሰጠኋትም። አንተን እጠብቃለሁ።

ቡና የለም፣ ጉድጓዱን ምን ላብላው?

ወርቂቱ


ጅማ
ሐምሌ 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ወርቂቱዬ

ልያ በያት። የእናቴ ስም ነው። እናቴ ከሆሳዕና ወጥታ አታውቅም፤ ስሟ ግን ሸቤ ይድረስ።

በሥራው በኩል፦ እስከሚቀጥለው ቡና ድረስ ጉድጓዱ በረሃብ እንዳይሞት። የመንደሩ ሴቶች የበረታቸውን እበት ያምጡለት፤ በምትኩ ዝቃጩን ለጓሮአቸው ይውሰዱ። አንድ ቀን ቢዘለል ግድ የለም፤ ጨርሶ ከተረሳ ግን እርሾው ይጠፋል፣ ከመጀመሪያው መጀመር ይሆናል።

እትዬ እታገኝ በአጥር በኩል ጠርተውኝ እንዳልሰማሁ ነግረውሽ ከሆነ፣ ግቢው ጫጫታ ስለነበረበት ነው። አትጨነቂ። ልጅቷ ምን ትመስላለች? ስለ ሥራ አይደለም ካሉሽ የችግኝ ጉዳይ ነው በያቸው።

ሆሴዕ


ከሸቤ በታች
ኅዳር 27 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለሆሴዕ

ልያ ልትቀመጥ ትሞክርና ወደ ጎን ትወድቃለች። ስትወድቅ አታለቅስም፤ የገፋት ሰው ያለ ይመስል ዞራ ትፈልጋለች።

የዘንድሮው ቡና እየታጠበ ነው። ውኃው መጀመሪያ ገለፈቱን የምናስቀርበት ጉድጓድ ይገባል፣ ከዚያ ጉልላቱ፣ ከዚያ ፊላ ወደተከልኩበት ኩሬ። ከኩሬው ወደ ጅረቱ ሲወጣ ሻይ ይመስላል፤ ቀጭን ሻይ። አይጠጣም፤ ለመንደሩ ሰዎችም አይጠጣም ብዬ ነግሬአቸዋለሁ። ለመጠጥ አሁንም ዳገቱን ወጥተው ወደ ድሮ ምንጫቸው ነው የሚሄዱት። ግን ልብስ ያጥቡበታል፣ ከብቱም ጠጥቷል። አይሻ ላሟን ይዛ መጣችና እኔን አጠገቧ አቁማ አስጠጣቻት። ላሟ አሸተተች፣ አሰበች፣ ጠጣች። አይሻ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ቀጥላ፣ «ይህን ከአንድ ዓመት በፊት መሥራት ያቅታችሁ ነበር?» አለችኝ። ዝቃጭ ያገኙ ችግኞቼ ደግሞ ካላገኙት በላይ አድገዋል፤ ቅጠላቸው ጠቁሮ ለምልሟል።

ጎብኚዎቹ በመጨረሻ መጡ። ጤና ጣቢያው ውስጥ እሳቱን አበሩላቸው፣ አጨበጨቡ። ስሜ ተጠርቶ እንደሆነ፣ የአንተም ተጠርቶ እንደሆነ በአሊ ጠይቀኸኛል። አልተጠራም። «በጓድ ዓለምብርሃን አመራር የጣቢያው ሠራተኞች የሠሩት» ተባለ። አንዱ ጎብኚ «ሐሳቡን ያመጣው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ወደ ጓድ ዓለምብርሃን ዞሩ። እኔ «ሆሴዕ ኤርሲዶ» አልኩ። «አሁን የት ነው?» አለ። «ጅማ ነው» አልኩ። ጓድ ዓለምብርሃን ፊታቸው ተለወጠ፤ ጎብኚው ግን አንገቱን ነቅንቆ አለፈ።

ማታውን ቢሮ ጠሩኝ። የተቆጡ አይመስሉም፤ እንዲያውም ደከም ብለዋል። «ወርቂቱ፣ ደብዳቤ የፈቀድኩት ለሥራው ነበር። ሥራው አልቋል» አሉኝ። ይህ የመጨረሻው ነው። እትዬ እታገኝም ታመው አሰንዳቦ ልጃቸው ዘንድ ሄደዋል፤ ምግብ ሌሎች እንዲያመጡልህ አሊ ጠይቋል።

እውነቱን ልንገርህ? ከቢሮው ወጥቼ ጉልላቱ ላይ ተቀመጥኩ። መዶሻ ባገኝ እሰነጥቀው ነበር፤ የምጠይቅህ ነገር እንዲኖረኝ። ከዚያ ጤና ጣቢያው ውስጥ የምትወልድ ሴት እንዳለች ትዝ አለኝና ተነሣሁ።

ደህና ሁን አልልህም። ልያ ፀጉሯ ያንተ ነው።

ወርቂቱ


ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ
መስከረም 7 ቀን 1982 ዓ.ም.

ወርቂቱዬ

ይህ ደብዳቤ ማንም ያላነበበው ነው። በአብዮት በዓሉ ምሕረት ከተለቀቁት ውስጥ ነኝ። ማንንም አልጠራሁም፤ ማንም አልጠየቀኝም፤ ስም ዝርዝር አንብበው «ውጡ» አሉን። በር ላይ ሌሎቹን ዘመዶቻቸው አቀፏቸው፤ የእኔን መውጣት ማን ይነግርሽ ነበር? ቆሜ አየኋቸው፣ ከዚያ ሄድኩ።

ለምን እስከ ዛሬ እንዳልመጣሁ አሊ ነግሮሽ ይሆናል፤ እኔም ልንገርሽ። ትናንት ጠዋት መኪናው ላይ ወጣሁ። አሊ ጋቢናውን ለቀቀልኝ፣ ስለ ልያ እያወራልኝ ወጣን። ከተማው ሲያልቅ «አቁምልኝ» አልኩት። ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ። አሊ መኪናውን አጥፍቶ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ሄደ።

የእትዬ እታገኝ ቤት ቁልፍ ጎረቤት ዘንድ ነበር። እሳቸው አሁንም አሰንዳቦ ናቸው። ብቻዬን ነኝ። ቤቱ ውስጥ መቀመጥ ያቅተኛል፣ ስወጣ ደግሞ ሰው ሰላም እንዳይለኝ እፈራለሁ። አዌቱ ወንዝ ዳር ሄጄ እቀመጣለሁ። ግራ ጆሮዬ አይሰማም፤ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ ነው፤ ደብቄሽ ነበር። ሰዎች ከግራዬ ሲጠሩኝ ዝም ስላቸው ኩራት ይመስላቸዋል።

የፈራሁት ግን ይህን አይደለም። ፊትሽን ለማስታወስ ስሞክር የሚመጣልኝ የእጅ ጽሑፍሽ ነው። ቤት ገብቼ ምን እላለሁ? በደብዳቤ ማውራት ለምጃለሁ። ጉድጓዱን አንቺ ሠርተሽዋል፣ ልጅቷን አንቺ አሳድገሻታል፤ እኔ እዚያ ምን ቦታ አለኝ? ልያ እኔን ስታይ ብታለቅስ እንዴት እሆናለሁ?

አልመጣም ማለቴ አይደለም። መምጣት አቃተኝ ማለቴ ነው።

ሆሴዕ


ከሸቤ በታች
መስከረም 8 ቀን 1982 ዓ.ም.

ሆሴዕ

አሊ ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ስለሆነ አጭር ነው። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ዛሬ ይህን ያደርስልሃል፣ ነገ ተመልሶ እኔን ይወስደኛል።

ባለህበት ቆይ። ወንዝ ዳር ከሆንክም እዚያው ቆይ፤ አዌቱን አውቀዋለሁ፣ ፈልጌ አገኝሃለሁ። ልያን ይዣት እመጣለሁ። ስታይህ ታለቅሳለች። ልትጠይቀን የመጣችውን እናቴን አይታም አልቅሳለች፣ አሊን አይታም አልቅሳለች፣ አይሻን አሁንም አንዳንዴ ታለቅስባታለች። አለቀሰች ብለህ እንዳትመልስልኝ፤ ያዛት፣ ይደክማትና ትተኛለች።

ምን እንደምንነጋገር እኔም አላውቅም። ሸቤ እንመለስ አንመለስ እሱንም አላውቅም። መጀመሪያ ቁርስ እንበላለን።

ወርቂቱ